ያልሄድኩበትን ቤት «ጎብኝቻለሁ» ብዬ ልፈርም?

አራተኛ ዓመት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባህር ዳር ነው ያለሁት። ሶሻል ወርክ አራተኛ ዓመት ነኝ፣ አሁን ፊልድ (የመስክ ልምምድ) ወጥተናል። የተመደብኩበት ድርጅት ችግረኛ ልጆችን ከቤተሰባቸው ሳይለይ የሚደግፍ ነው። ስሙን አልጠራም። እናንተም ለመገመት አትሞክሩ እባካችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሐሙስ አስተባባሪዬ 14 ፋይል አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ። የወሩ የቤት ለቤት ጉብኝት ቅጽ ነው። «ያለፈውን ወር እያየሽ ሙዪና ነገ ከሰዓት አስረክቢኝ» አለኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ቤቶቹን መቼ ነው የምንሄድባቸው ብዬ ጠየቅኩት። «የታወቁ ቤቶች ናቸው፣ አዲስ ነገር የለም» አለኝ።

አንዱን ፋይል ከፈትኩት። የታኅሣሥ፣ የጥርና የየካቲት ቅጽ አለ። በቀን ስንት ጊዜ ይመገባል? ሦስት። ትምህርቱን ይከታተላል? አዎ። አጠቃላይ ሁኔታ? ደህና ነው። ሦስቱም ወር ቃል በቃል አንድ ነው። የታኅሣሡ በሰማያዊ እስክሪብቶ ነው የተጻፈው፣ የጥሩ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ቀለሙ እየደበዘዘ መጥቶ እስክሪብቶውን ለማስጻፍ ጠርዙ ላይ ተሞነጫጭሯል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እስከ የካቲት መጨረሻ ጥቁር ነው። የሦስት ወር ጉብኝት በአንድ መቀመጫ ተጽፏል ማለት ነው።

ቅዳሜ ብቻዬን ሄድኩ። ከፋይሎቹ ለቤቴ የሚቀርበውን መረጥኩ። በሩ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል። ጎረቤት ቡና ስትቆላ አገኘኋትና ጠየቅኳት። አሳዳጊው ታመው ከከተማ ከወጡ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ልጁ ጓደኞቹ ጋ ያድራል። ትምህርት ትቷል። ሐይቁ ዳር ብትሄጂ ታገኚዋለሽ አለችኝ፣ አገኘሁትም። ጾም ስለሆነ የአሳ ገበያው ደርቷል፣ እሱም ለአጥማጆች አሳ ይልጣል። የቆሮሶ አሳ ቅርፊት እስከ ክርኑ ተለጣጥፎበታል። ከድርጅቱ ነኝ ስለው ቢላዋውን አስቀመጠና «ታስወጡኛላችሁ እንዴ?» አለኝ። ሌላ ምንም አላለኝም።

ሰኞ ለአስተባባሪዬ ነገርኩት። አልተቆጣኝም። «እውነቱን ከጻፍሽ ልጁ ከዝርዝር ይወጣል፣ ትምህርት ያቋረጠ ልጅ ድጋፍ አያገኝም፣ ደንቡ ነው። አንቺ ንጹህ ትሆኛለሽ፣ እሱ ግን እራቱን ያጣል» አለኝ። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ለልጆቹ ከኪሱ ደብተር ሲገዛ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን የፊልድ ውጤቴም በከፊል በእሱ እጅ ነው።

ፊርማዬን ላኑር? ካላኖርኩስ ልጁ ምን ይሆናል? ለማን ነው የምናገረው?

(ማስተካከያ፦ የሰፈሩን ስም፣ የልጁን ዕድሜና ማን እንደሚያሳድገው ጽፌ ነበር። አጥፍቻለሁ። የጣና ጀልባን ከታች አንብቡ።)

የጣና ጀልባ፦

እታለም፣ መጀመሪያ ሌላውን ሁሉ ተይና ጽሑፍሽን አስተካክይ። ሰፈሩን፣ ዕድሜውን፣ አሳዳጊው ማን እንደሆኑ አሁኑኑ አጥፊ። ባህር ዳር ከተማ ትምሰል እንጂ እኛ እኮ በለቅሶና በማኅበር የምንተዋወቅ ሰዎች ነን። እኔ ራሴ በሦስቱ ፍንጭ ብቻ ሁለት ቤት ጠርጥሬአለሁ። የአሳው ነገር ይቆይ፣ ሐይቁ ዳር ስንት ልጅ ነው ያንን ሥራ የያዘው። በጎ አስበሽ እንደጻፍሽው አውቃለሁ። ሚስጥር ግን ብዙ ጊዜ በበጎ ሰው አፍ ነው የሚወጣው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አትፈርሚ። ለምን እንደምልሽ ልንገርሽ፣ ለማንም በጽሑፍ ነግሬ አላውቅም።

12 ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ነኝ። በሁለተኛው ዓመቴ ከከተማ ውጭ ነበር የምሠራው። ከማያቸው ልጆች አንዷ ሰባተኛ ክፍል ነበረች፣ ጎበዝ ተማሪ። ክረምት ገባ፣ መንገዱ ጭቃ ሆነ፣ እኔም ሁለት ወር ሳልሄድ «ደህና ናት» ብዬ ሞላሁ። ደህና ትሆናለች ብዬ ከልቤ አምኜ ነበር። በሦስተኛው ወር ስሄድ ተድራለች። መምህሯን ሳገኘው ምን አለኝ መሰለሽ፣ «እኔ ልናገርላት ስል ሶሻል ወርከሩ ሲመጣ እነግረዋለሁ ብላኝ እየጠበቀችህ ነበር»።

ያኔ የጋብቻ ዕድሜ 18 እንደሆነ በቃሌ አውቃለሁ። ያለ ዕድሜ ጋብቻ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 እንደሚያስቀጣም አውቃለሁ። ፈተና ላይ ጽፌ ያለፍኩበት ነው። ለእሷ ምን ጠቀማት?

ቆይቶ የገባኝ ነገር ይህ ነው። ባዶ ቅጽ ብተው ኖሮ የሆነ ሰው «ይህቺ ልጅ ለምን አልታየችም?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኔ ግን «ደህና ናት» አልኩ። የሴቶች ጉዳይ ባለሙያዋ ፋይሉን አይታ «ክትትል ላይ ናት» ብላ አለፈች። መምህሩም የሚከታተላት ሰው አለ ብሎ ተወው። ያ ወረቀት ያላየሁትን አየሁ ማለት ብቻ አልነበረም፣ ሌላውም ሰው እንዳያይ ዓይኑን ሸፍኖበታል።

ያንቺም ልጅ እንዲሁ ነው። ሦስት ወር በወረቀት ላይ ሦስት ጊዜ በልቷል። ቀበሌው ቢያየው ደህና ነው፣ ትምህርት ቤቱ ቢጠይቅ ደህና ነው፣ ረጂው ቢመጣ ደህና ነው።

«ከዝርዝር ይወጣል» ለተባለው አንድ የምታደርጊው ነገር አለ። «አቋርጧል» ብለሽ በአንድ ቃል አትዝጊው። ያየሽውን ለብቻ ጻፊ፦ በዚህ ቀን ሄጄ ቤቱ ተዘግቶ አገኘሁት፣ ከጎረቤት እንዲህ ሰማሁ፣ ልጁን በአካል አገኘሁት። ከዚያ የሚደረገውን ለብቻ ጻፊ፦ ከትምህርት ቤቱ ጋር መነጋገር፣ አሳዳጊውን በስልክ ማግኘት፣ እስኪመለሱ የሚያሳድረው ዘመድ መፈለግ፣ ለዚህ ሁሉ ይህን ያህል ጊዜ ይሰጠን። ዕቅድ ያለውን ልጅ ማስወጣት ዕቅድ የሌለውን የማስወጣት ያህል ቀላል አይደለም። ስብሰባ ላይ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ዘጠና ፋይል፦

እኔ ደግሞ አስተባባሪው የሚገባኝ ሰው ነኝ። ስሜም እንደሚለው ነው፣ 90 ልጅ አለብኝ። ግማሹ ዓባይ ማዶ ነው፣ የተወሰነው ዘንዘልማ፣ ከዚያም የሚርቅ አለ። በወር ሁሉንም ጎብኝ ይባላል። በቀን አራት ቤት ብሄድ፣ እሱም ሰው ቤቱ ከተገኘ ነው፣ ወሩ አይበቃኝም። ቢሮ ሪፖርት አለ፣ ስብሰባ አለ፣ ታማሚ ሆስፒታል ማድረስ አለ። የትራንስፖርት ገንዘብ ከተከፈለኝ ቆየ፣ የባጃጅ ኮንትራት ከኪሴ ነው። ሪፖርቱ 90 ካልሞላ ደግሞ የቀጣዩ ሩብ ዓመት በጀት ይዘገያል። በጀት ሲዘገይ የሚጎዱት እነዚያው ልጆች ናቸው።

ስለዚህ እባካችሁ ከላይ ሆናችሁ ሥነ ምግባር አታንብቡልን። እኔም ሰነፍ ሆኜ አይደለም። ስልክ ደውዬ ድምፃቸውን ሰምቼ «ተጎብኝቷል» ብዬ የጻፍኩበት ወር አለ፣ አልክድም። እኔ ባልኖር ያም አይደወልላቸውም ነበር።

የጣና ጀልባ፦

ወንድሜ፣ የምትለው ሁሉ እውነት ነው፣ አንዱንም አልከራከርህም። 90 ልጅ ለአንድ ሰው ሸክም ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። 90 ሞልተህ ስታስረክብ አለቆችህ ምን ያያሉ? አንድ ሰው 90 ቤት መድረስ እንደሚችል ያያሉ። በሚቀጥለው ዓመት 100 ያደርጉልሃል። ሁለተኛ ሰው ቅጠሩልን የምትልበትን ማስረጃ በገዛ ፊርማህ እያጠፋኸው ነው። የደወልክበትን «በስልክ» ብለህ ጻፍ፣ ስልክ መደወል ነውር አይደለም። ያልደረስክበትን «አልተጎበኘም፣ ምክንያት፦ ትራንስፖርት» በል። 35 የሄድኩት፣ 30 የደወልኩት፣ 25 ያልደረስኩት ብለህ ስታስረክብ ጥያቄው ወዳንተ ሳይሆን ወደ በጀቱ ይዞራል።

ዘጠና ፋይል፦

ይህን ስጽፍ ተናድጄ ነበር፣ ይቅርታ። «በስልክ» የሚል ሳጥን ቅጹ ላይ የለም። ግን አስተያየት የሚጻፍበት መስመር አለ። ልሞክረው እችላለሁ። የሚመጣውን አብረን እናያለን።

የሁለት ልጆች እናት፦

እኔ ባለሙያ አይደለሁም። ልጆቼ በእንዲህ ዓይነት ድርጅት ድጋፍ ነው ያደጉት። ትልቁ አሁን ሥራ ይዟል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በተረጂ ወገን ያለነው ደግሞ የምናየውን ልንገራችሁ።

ከሚመጡት ሰዎች ብዙዎቹ በር ላይ ቆመው ነው የሚጠይቁት። «ስንት ጊዜ ትበላላችሁ?» ይሉኛል ጎረቤት እየሰማ። ምን ብዬ ልመልስ? ሦስት እላለሁ። ሰው ፊት አንድ ጊዜ ነው የምንበላው የምትል እናት አለች? እነሱም ሦስት ብለው ጽፈው ይሄዳሉ። ያ ደግሞ በቢሮ ከተጻፈው በምን ይሻላል?

አንዳንዶቹ ስም የተጻፈበት መኪና ደጃፌ ላይ ያቆሙ ነበር። መኪናው የምን ድርጅት እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ማንን እንደሚረዳ ያውቃል። ከዚያ በኋላ ልጄን አብረውት የሚጫወቱ ልጆች ቀነሱ። የምን ድርጅት እንደነበረ አልጽፍም፣ የገባው ይገባዋል። መኪናውን መንገድ ላይ አቁማችሁ በእግራችሁ ኑልኝ ብዬ ለምኜአለሁ።

አንዲት ልጅ ግን ነበረች። ገና ተማሪ ነበረች፣ እንደ አንቺው። መጥታ ጫማዋን አውልቃ መደብ ላይ ተቀመጠች። ወረቀት አላወጣችም። ቡናውን ሦስተኛውን እስክንጠጣ ስለ ራሷ እናት ስታወራኝ ቆየች። ከዚያ እኔው ነኝ ሳልጠየቅ የነገርኳት። ትንሹ ልጄ ሌሊት እንደሚያለቅስ፣ አባቱ ሲሞት ያየውን እንዳልረሳ፣ ለማንም ያላልኩትን። ስትወጣ «ከነገሩኝ ውስጥ የቱን ልጻፍ፣ የቱ በእኛ መካከል ይቅር?» አለችኝ። ሰው እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ይኸው ስንት ዓመቱ፣ እስካሁን አልረሳኋትም።

አንቺም ልጄ፣ ሐይቅ ዳር ድረስ ሄደሽ ፈልገሽዋል። በርቺ።

አራተኛ ዓመት፦

እናቴ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። «የቱን ልጻፍ» ብዬ ልጁን አልጠየቅኩትም። አሁን ነው የገባኝ። ዓይቼው፣ አዝኜለት፣ ሮጬ ሄጄ ለአስተባባሪዬ ነገርኩ። ከዚያ ደግሞ እዚህ ጻፍኩት።

የመስክ መምህር፦

እኔ ተማሪዎችን ፊልድ ከሚያሰማሩት አንዱ ነኝ፣ የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሆነ ይቅር። እህቴ፣ ይህ ጥያቄ ለብቻሽ የሚተውልሽ አይደለም። ጥፋቱ ካንቺ በፊት ከእኛ ይጀምራል።

የሙያው ዓለም አቀፍ የሥነ ምግባር መግለጫ በ2018 እ.ኤ.አ. ደብሊን ላይ የጸደቀው ነው። ዘጠኝ መርሆች አሉት። አንዱ ሚስጥርና የግል ሕይወትን ማክበር ነው፣ የመጨረሻው የሙያ ታማኝነት ነው። ከሁሉ ለክፍል የማነበው ግን ስለ ተጠያቂነት የሚናገረውን ነው። ሶሻል ወርከር ለሚያገለግላቸው ሰዎች፣ ለባልደረቦቹ፣ ለአሠሪው፣ ለሙያ ማኅበሩና ለሕግ ተጠያቂ ነው ይላል፣ እነዚህ ተጠያቂነቶች ሊጋጩ እንደሚችሉም ራሱ ያምናል። ሲጋጩ በጉዳዩ ያሉበትን ሁሉ ከጉዳት ለመጠበቅ ተነጋግሮ መፍታት ነው። ያንቺ ሰኞ ጠዋት ይኸው ነው፣ ልጁ በአንድ በኩል፣ አስተባባሪሽ በሌላ በኩል፣ ውጤትሽ በሦስተኛ በኩል። ግጭት ውስጥ መግባትሽ ተሳስተሽ አይደለም ማለት ነው፣ ሥራው እንዲህ ነው። ተማሪ ግን ብቻውን እንዲደራደር ማድረግ የትምህርት ክፍሉ ጉድለት ነው።

የትምህርቱም ዓለም አቀፍ መመዘኛ አለ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ተሻሽሏል። የመስክ ልምምድን ከትምህርቱ ዋና አካል አድርጎ ነው የሚያየው። ተማሪ በብቁ ባለሙያ ሥር መሥራት አለበት፣ ትምህርት ቤቱና ድርጅቱም እየተገናኙ መከታተል አለባቸው። አሜሪካኖቹ ለመጀመሪያ ዲግሪ ቢያንስ 400 ሰዓት፣ ለማስተርስ 900 ሰዓት መስክ ላይ ካልተሠራ ፕሮግራሙን ዕውቅና አይሰጡትም። እኛም ሰዓቱን ወረቀት ላይ እናስሞላለን። የሰዓት መቆጣጠሪያውን ግን ያው አስተባባሪ ነው የሚፈርመው። ተማሪው ስልኩን ሲነካካ ውሎም ስምንት ሰዓት፣ ሐይቅ ዳር ልጅ ሲፈልግ ውሎም ስምንት ሰዓት።

ለምን እዚህ ደረስን ለሚል፣ ታሪኩም አለበት። በአገራችን የመጀመሪያው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ በ1959 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ ነበር። በደርግ ዘመን ተዘጋ። የተመለሰው በ2004 እ.ኤ.አ. በማስተርስ ነው። በመካከል ወደ 30 ዓመት አለ። ሠላሳ ዓመት ማለት እኮ አንድ ሙሉ የሱፐርቫይዘር ትውልድ ነው። ዛሬ ተማሪ የምንልክበት ድርጅት ውስጥ ያለው አስተባባሪ ብዙ ጊዜ በሌላ ሙያ የተመረቀ፣ ልቡ ግን ቅን የሆነ ሰው ነው። የኬዝ ፋይል እንዴት እንደሚያዝ ማንም አላስተማረውም። እሱ ካልተማረ ተማሪውን ምን ያስተምረዋል?

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፣ 50 በመቶ ያላመጣ አይመረቅም። ፈተናው መጥፎ ነው አልልም፣ ተማሪው እንዲያነብ አድርጎታል። ግን ምርጫ የሚከበብበት ነው። ተማሪው መደብ ላይ መቀመጥ ይችል እንደሆነ፣ አንድ ልጅ «ታስወጡኛላችሁ?» ሲለው ምን እንደሚመልስ በክበብ አይለካም። እንደ ነርስና እንደ ጠበቃ የሙያ ፈቃድም አይሰጠንም። ስለዚህ የመጨረሻው ማጣሪያ ፊልድ ነው፣ እሱን ደግሞ አቃለነው። እኔ ራሴ ባለፈው ዓመት ከ30 በላይ ተማሪ ይዤ እያንዳንዱን ድርጅት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የረገጥኩት። ሻይ ጠጥቼ «እንዴት ናቸው ልጆቻችን?» ብዬ ተመለስኩ። አንዱም ተማሪ ምንም አልነገረኝም፣ እኔም ብቻውን አውጥቼ አልጠየቅኩትም።

አሁን የምታደርጊው፦ ዛሬውኑ ለትምህርት ክፍልሽ የፊልድ አስተባባሪ በጽሑፍ አሳውቂ። የልጁን ስም አትጻፊ፣ የፋይሉ ቁጥር ይበቃል። አስተባባሪሽንም አትክሰሽ፣ የተጠየቅሽውንና ያደረግሽውን ብቻ በቀን በቀኑ አስቀምጪ። «ያልሄድኩበትን ቤት ለመፈረም አልችልም፣ ለመሄድ ግን ፈቃደኛ ነኝ» በይ። እምቢ ብሎ መቀመጥና እምቢ ብሎ ለመሄድ መነሳት አንድ አይደሉም። ውጤትሽ በአንድ ሰው ቂም እንዳይወድቅ አስቀድሞ የተጻፈ ነገር ይኑርሽ።

ሕግ አንባቢ፦

አጭር ነገር ልጨምር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት በሚወሰድ እርምጃ ሁሉ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት መታሰብ አለበት ይላል። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችም በስም ተጠርተዋል። ስለዚህ «ደንባችን ነው» የሚለው መልስ ክርክሩን አይዘጋውም፣ ልጁን ከማስወጣት በፊት ለእሱ የሚበጀው ምን እንደሆነ መጠየቅ ግዴታ ነው። የሙያ ሚስጥር ማውጣት ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ያስጠይቃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም ወጥቷል፣ ቁጥር 1321/2016። የልጆች ፋይል ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ግሩፕ የምትላላኩ ባለሙያዎች እባካችሁ ተዉ። ያነሳኸው ፎቶ ስልክህ ላይ ነው፣ ስልክህ ደግሞ ሌላ ሰው እጅ ይገባል።

ዘጠና ፋይል፦

የቴሌግራሙ ነገር የሁላችንም ጥፋት ነው። የእኛ ግሩፕ ውስጥ አሁን ገብቼ አየሁ፣ ከዓመት በፊት የተላከ የልጆች ፎቶ ከነስማቸው ተቀምጧል። ከግሩፑ የወጡ የቀድሞ ሠራተኞች ስልክ ላይም አለ ማለት ነው። የላክኩትን አጥፍቻለሁ። የሌሎቹን ነገ እናገራለሁ።

አራተኛ ዓመት፦

ተመልሻለሁ። ሳምንት ሆኖኛል፣ የዘገየሁት በመሄድ ነው።

ለትምህርት ክፍሉ ጻፍኩ፣ መምህሩ እንዳሉት። በማግሥቱ ደወሉልኝ፣ ሐሙስ ድርጅቱ ድረስ መጡ። አስተባባሪዬ መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ። በኋላ ግን ሦስታችንም ቁጭ ብለን ፋይሎቹን አየን። ከ14ቱ ስድስት ቤት ሄጃለሁ፣ ስድስቱን ፈርሜአለሁ። አንዷን አሳዳጊ በስልክ አግኝቼ «በስልክ» ብዬ ጻፍኩ። ሰባቱ ላይ «አልተጎበኘም» የሚል ነው ያለው። ያን ቃል ስጽፍ እጄ ተንቀጥቅጧል፣ ያልሠራሁትን አልሠራሁም ብሎ መጻፍ ለካ እንዲህ ይከብዳል። አስተባባሪዬ አይቶ ዝም አለ። ከዚያ «እኔም አንድ ቀን እንዲህ ልጽፍ ይገባኝ ነበር» አለኝ። በውጤቴ ላይ ምን እንደሚያደርግ አላወቅኩም።

የልጁ ጉዳይ አልተወሰነም። ዕቅዱን ጽፈን አስገብተናል፣ ኮሚቴው የሚመጣው ሳምንት ያየዋል። የአንድ ወር ጊዜ ነው የጠየቅነው።

ልጁን ግን ሁለት ጊዜ አገኘሁት። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ሳላስፈቅደው ለሰው መናገሬን ነገርኩት። ስለ እሱ የቱን እዚህ ብጽፍ ደስ እንደሚለው ጠየቅኩት። አሰበና «ስሜን አትጥሪ እንጂ የቁልፉን ተናገሪ» አለኝ። የምነግራችሁም እሱን ብቻ ነው።

ትምህርት የተወው በሥራ ምክንያት አይደለም። አሳዳጊው በድንገት ታመው ሲወሰዱ ቤቱ ተቆለፈ፣ ቁልፉ ከእሳቸው ጋር ሄደ። ቦርሳው፣ ደብተሩ፣ ዩኒፎርሙ ሁሉ ውስጥ ነው። ያለ ዩኒፎርም በር ላይ እንዳይመልሱት ፈርቶ አንድ ቀን ቀረ፣ ሁለት ቀን ቀረ፣ ከዚያ ፈተና አለፈውና መሄድ አፈረ። አሳ መላጥ የጀመረው በሁለተኛው ሳምንት ነው፣ የሚበላው ስላጣ። በመስኮቱ ስንጥቅ ቦርሳው ይታያል፣ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ወስዶ አሳየኝ።

«ትምህርቱን ይከታተላል?» ከሚለው ጥያቄ ፊት ለፊት ያለው ሳጥን «አዎ» እና «የለም» ብቻ ነው።

አሳዳጊውን ጎረቤቷ ናት በስልክ ያገኘችልን። ቁልፉን በሚኒባስ ሹፌር እጅ ይልኩታል፣ ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያ ሄደን እንቀበላለን። ሰኞ ከልጁ ጋር ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ዩኒት ሊደሩን አነጋግሬአለሁ፣ ፈተናውን በሌላ ቀን ሊሰጡት እንደሚችሉ ነግረውኛል፣ ግን አሳዳጊ ይዞ ይምጣ ብለዋል። አሳዳጊው አልተመለሱም። እዚህ ላይ ምን ላድርግ? ጎረቤቷ ትበቃለች?

የጣና ጀልባ፦

ጎረቤቷ ፈቃደኛ ከሆነች አሳዳጊው በስልክ ለዩኒት ሊደሩ ይንገሩላቸው፣ እሷን ወክያለሁ ይበሉ። አብዛኛውን ጊዜ ይቀበላሉ። ካልተቀበሉ ከቀበሌ ደብዳቤ አጽፊ፣ ግን ደብዳቤው ላይ በሽታቸው ምን እንደሆነ እንዳይጻፍ። «በሕመም ምክንያት» ይበቃል። አንቺ እንደ አሳዳጊ እንዳትፈርሚ።

የሁለት ልጆች እናት፦

ዩኒፎርሙ ሳምንታት ተቆልፎበት ሻግቶ ይሆናል። ቅዳሜውኑ አጥቡለት፣ እሁድ ይደርቃል።

ዘጠና ፋይል፦

ቅዳሜ መናኸሪያ በኩል አለሁ። ሚኒባሱ በስንት ሰዓት ነው የሚገባው? ደብተር ካስፈለገውም በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ እዚህ አትጻፊው።